ምች፣ ዳማከሴ እና የእንጭኒ ፀሐይ

የዳማከሴ ቅጠል ሲታሽ ከጭማቂው ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነው። ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሸረከተ፣ ሲዳስሱት ጠጉር ጠጉር የሚል ለምለም ቅጠል አንድ እፍኝ ተቀጥፎ በሁለት መዳፍ መሃል ይገባል። እናት ታሸዋለች። ቅጠሉ መጀመሪያ ይልፈሰፈሳል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ከዚያ በጣቶቿ መሃል ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። «ሳብ አድርገው ልጄ» ትላለች። ልጁ በአፍንጫው ይስባል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይኑ ያነባል። የተረፈውን ግንባሩን፣ ከጆሮው ኋላና አንገቱን ታሸዋለች። ጥቂት ጠብታ በስኒ ተቀምጦ ትኩስ ቡና ይቀዳበታል። ልጁ ከብት ሲጠብቅ ውሎ የገባው ራሱን አሞት፣ ሰውነቱ ግሎ ነው። በማግስቱ ከንፈሩ ጥግ ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ብቅ ይላሉ። ቤተሰቡ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አይቸገርም። ምች ነው።

በምዕራብ ሸዋ ደጋ ከጓሮው ዳማከሴ የማያጣ ቤት ብዙ ነው። በእንጭኒና በዙሪያዋ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ቆሪቻ ሚቺ» ይለዋል፤ የምች መድኃኒት ማለት ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ደግሞ ከበሶብላ ጋር በአንድ ወገን መድበው ኦሲመም ላሚፎሊየም ብለውታል። ምችን ምን ያመጣዋል ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዱ ላብ ሳይደርቅ መውጣት፣ ሌላው የምግብ ሽታ ይላል። ከሁሉም አፍ የማይጠፋው ግን ፀሐይ ነው። ፀሐይ ትመታለች። ይህ አነጋገር ከብዙ የቆዳ መጽሐፍ የቀደመ እውቀት አዝሏል፤ ይህ ጽሑፍም የሚነሳው ከዚያው ነው፤ ቅጠል ከፀሐይ ምት ምን ያህል ያድናል?

እንጭኒ የአዳአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በሆለታ በኩል 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከሙገር ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች ያልፉባታል። አገሩ ገብስና ስንዴ አብቃይ፣ ወተቱ የታወቀ ደጋ ነው። ጠዋት ጋቢ ሳይደርብ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ፀሐይ መከላከያ ማውራት የቆላ ወሬ ይመስላል። «ምን ፀሐይ አለና ነው?» ሊባል ይችላል።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሙቀትና አልትራቫዮሌት ጨረር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሙቀቱን ቆዳ ወዲያው ያውቀዋል፤ አልትራቫዮሌቱን ግን ዓይን አያየውም፣ ቆዳም ሲያርፍበት አይሰማውም። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ይሳሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የጨረሩ ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንጭኒ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ በብርዱ የተታለለው ሰው በባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ቢያንስ ሩብ እጅ የበለጠ ጨረር ይቀበላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። የነሐሴዋ በደመና ትጋረዳለች ይባል ይሆናል፤ ስስ ደመና ግን ሙቀቱን እንጂ ጨረሩን እምብዛም አያስቀርም። በአዲስ አበባ ከፍታ የአልትራቫዮሌት መለኪያው እኩለ ቀን ላይ ከ11 በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ 11ና ከዚያ በላይ የመጨረሻው፣ «እጅግ አደገኛ» የሚባለው እርከን ነው።

ወደ ከንፈሩ ሽፍታ እንመለስ። ያንን የሚያወጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ነው። አንድ ጊዜ ሰውነት ከገባ በኋላ በፊት ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል። ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት ይቀሰቅሰዋል፤ ፀሐይም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት በዚህ ሽፍታ የሚቸገሩ ሰዎችን ከንፈር ሆን ብሎ ለአልትራቫዮሌት አጋለጠ። ባዶ ቅባት ከተቀቡት ከአስሩ ሰባት ያህሉ ላይ ሽፍታው ተመልሶ ወጣ፤ የፀሐይ መከላከያ ሲቀቡ ግን አልወጣባቸውም። እናቶቻችን «ፀሐይ መታው» ሲሉ የኖሩት የቫይረሱን ስም ሳያውቁ ቀስቃሹን በትክክል ጠቁመው ነበር። ይህ ሊነገርላቸውና ሊከበርላቸው የሚገባ ነገር ነው።

ዳማከሴውስ? ሳይንሱ ችላ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮፌሰር እያሱ መኮንን እና ባልደረቦቻቸው የዳማከሴንና የአንድ ዘመዱን ቅጠል ጭማቂ በአይጦች ላይ ፈትነው ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይተዋል። እናት ግንባር ላይ የምታሸው ነገር መሠረት አለው። ሆኖም ዳማከሴ የሚመጣው ከምቱ በኋላ ነው። ልጁ ወደ ሜዳ ሲወጣ ማንም አይቀባውም፤ ምች ሲመታው ነው የሚፈለገው። ፀሐይን አስቀድሞ መመለስና ፀሐይ ያደረሰውን ማስታገስ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ስለ ቅጠልና ቆዳ በሚነገረው ወሬ ውስጥ ብዙው መሳሳት የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው።

የሬት ነገርም ይኸው ነው። በምዕራብ ሸዋ ገደልና አጥር ዳር ሥጋማ ቅጠሉን ዘርግቶ የሚታየው ሬት ሲቆረጥ መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ብጫ፣ መራራ፣ ቆዳ የሚያሳክክ ፈሳሽ ያወጣል። ያ ፈስሶ ሲያልቅ መሃሉ ላይ የሚቀረው ውሃ የመሰለ ልጋግ ነው የተቃጠለ ቆዳን የሚያቀዘቅዘው። ያቀዘቅዛል፣ ያረጥባል፤ ጨረር ግን አይመልስም። የሬት ልጋግ ተቀብቶ ቀኑን ሙሉ ገበያ የሚቀመጥ ሰው ምንም ሳይቀባ ከተቀመጠው እምብዛም አይሻልም። ኢትዮጵያ የበርካታ የሬት ዓይነቶች አገር ናት፤ አንዳንዶቹ ከዚህ ሌላ የትም የማይበቅሉ ናቸው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ሬቶች ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትመዋል። በፋብሪካ ጠርሙስ የሚሸጠው ልጋግ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከአንዱ፣ በዓለም ከተሰራጨው አሎ ቬራ ነው።

ታዲያ ቅጠል ጨረርን አይመልስም ማለት ነው? አይደለም። ቅጠል ከማንኛችንም በላይ ፀሐይ ላይ የሚውል ፍጡር ነው፤ ጥላ ፍለጋ አይነሳም። ስለዚህ ራሱን የሚከላከልበት ነገር በላይኛው ሽፋኑ ውስጥ ያከማቻል። ፍሌቮኖይድ የሚባሉት ውሁዶች አልትራቫዮሌቱን ይውጡና ምግብ የሚሠራበትን አረንጓዴውን ክፍል ያተርፉለታል። ጨረሩ ሲበረታ ቅጠሉ እነዚህን ውሁዶች አብዝቶ ይሠራል። በኮንሶና በአርባ ምንጭ ምግብ ሆኖ የሚበላው ሽፈራው፣ ሞሪንጋ የሚባለው፣ ቅጠሉ ሩቲን በተባለው ፍሌቮኖይድ የታወቀ ነው። ሻይ ቅጠልም በሌላ ዓይነት ተመሳሳይ ውሁዶች የበለጸገ ነው። የመዋቢያ ኩባንያዎች ዓይናቸውን ወደ ቅጠል ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በላቦራቶሪ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፣ በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ አልኮሉ ይተንና የሚያጣብቅ ጥቁር አረንጓዴ ዝቃጭ ይቀራል። ከዚያ ጥቂቱ እንደገና በአልኮል በጣም ቀጥኖ በትንሽ የኳርትዝ ብልቃጥ ይቀመጥና አልትራቫዮሌት ይለቀቅበታል። መሣሪያው ከ290 እስከ 320 ናኖ ሜትር ባለው ክልል በየ5 ናኖ ሜትሩ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ይመዘግባል። ቁጥሮቹ እ.ኤ.አ. በ1986 የብራዚል ተመራማሪዎች ባወጡት ቀመር ተደምረው ኤስፒኤፍ የሚባለውን፣ የፀሐይ መከላከያ ኃይልን የሚገልጸውን ቁጥር ይሰጣሉ። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው፤ አንድ መሣሪያ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ይሠራል። «የእገሌ ቅጠል ኤስፒኤፉ ይህን ያህል ነው» የሚሉ ጽሑፎች በየአገሩ የበዙት ለዚህ ነው።

ነገር ግን ብልቃጥ ግንባር አይደለም። በፋብሪካ ቅባት ላይ የሚታተመው ኤስፒኤፍ የሚለካው በሰው ጀርባ ላይ ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ቅባት ተቀብቶ፣ ጨረር ተለቆበት፣ ቆዳው መቅላት የሚጀምርበት መጠን ተመዝግቦ። ቅባቱ በቆዳው ሸንተረር ላይ እኩል መነጠፍ አለበት፣ በላብ መታጠብ የለበትም፣ ፀሐዩ ራሱ ሊያፈርሰው አይገባም። ቤት የተጨመቀ ቅጠል ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለማሟላት አልተሠራም። ውሃ ስላለው በሁለት ሦስት ቀን ይበላሻል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ያፈራል። ከዚህም በላይ የብራዚሉ ቀመር የሚያየው አጭር ሞገድ ያለውን የጨረሩን ክፍል ብቻ ነው፤ ማድያትን የሚያብሰውን ረጅም ሞገድ ያለውን ክፍል አይለካም። የቅጠል ውሁድ በተፈተነ ቅባት ውስጥ ደጋፊ ሆኖ መግባቱ መልካም ነው፤ ብቻውን ጋሻ ነው ማለት ግን ሰውን ማታለል ነው። በኮስሞቲክስ ቤት መደርደሪያ ላይ የቅጠል ሥዕል አይተው የሚገዙ ሰዎች በጠርሙሱ ጀርባ ቁጥሩን ቢያዩ፣ ቁጥር ከሌለም ለፀሐይ ብለው ባይገዙት ይሻላል።

ከሁሉም የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ቅጠል ፀሐይን ሊመልስ ቀርቶ ይጠራታል።

ጤና አዳምን ማን የማያውቅ አለ? ከቡና ስኒ ጎን ይቀመጣል፣ ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይሸተታል። ይህ ቅጠል ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውሁዶች አሉት። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምንም አይሰማም። ከዚያ ሰውየው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ረጅሙ የአልትራቫዮሌት ክፍል እነዚህን ውሁዶች ይቀሰቅስና ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ያጣብቃቸዋል። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ማንም ቅጠሉን አይጠረጥርም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ጭማቂው የፈሰሰበትን መስመር ተከትሎ የሚሄድ ጥቁር ምልክት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀራል። የሎሚ ልጣጭ ዘይትም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ፊቷ እንዲጠራ ሎሚ ተቀብታ ገበያ የምትወጣ ወጣት የምታገኘው የፈለገችውን ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

የጤና አዳም ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። ሩቲን የተባለው፣ ጨረር በመዋጥ የሚታወቀው ፍሌቮኖይድ ስሙን ያገኘው ከጤና አዳም ወገን ነው፤ የወገኑ የላቲን ስም ሩታ ነው። አውግስት ቫይስ የተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1842 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ከጤና አዳም የቅርብ ዘመድ ነበር። በአንድ ቅጠል ውስጥ ጨረርን የሚውጠውም ጨረርን የሚያባብሰውም አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ «ቅጠሉ ሩቲን አለው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ስለ ደኅንነቱ ምንም አይነግረንም። ይህንኑ አደገኛ ጎን አዋቂ እጅ ሲይዘው ደግሞ መድኃኒት ይሆናል። ግብፃዊው የቆዳ ሐኪም አብደል ሞነም ኤል ሞፍቲ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከናይል ሸለቆ ተክል የወጣ ፉራኖኩማሪን ለለምጽ ሕሙማን ሰጥተው በፀሐይ እንዲታከሙ አድርገዋል፤ ዛሬ በሆስፒታል በመጠን ተለክቶ የሚሰጠው የጨረር ሕክምና ከዚያ የተነሳ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው፤ ጓሮ ውስጥ የሚለካ የለም።

ጥቁር ቆዳ ምን መከላከያ ያስፈልገዋል የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሜላኒን ትልቅ ጸጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ በራሱ ወደ 13 የሚጠጋ ኤስፒኤፍ ሲኖረው የነጭ ሰው 3 ነጥብ 4 ብቻ መሆኑን ለክቷል። በፀሐይ ምክንያት የሚመጣ የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ያነሰውም ለዚህ ነው። ይሁንና 13 ማለት ሙሉ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ጉንጭና ግንባር ላይ የሚወጣው ማድያት በፀሐይ ይጠቁራል፤ ሐኪም የቱንም ያህል ጥሩ ቅባት ቢያዝ ፀሐዩ ካልተጋረደ ይመለሳል። ሴቶች ተስፋ ቆርጠው ወደ ማንጫ ቅባት የሚሄዱት እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው። ከእነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ ይዘው ተገኝተዋል። ቆዳውን ያሳሱትና ለዚያው ፀሐይ የበለጠ ያጋልጡታል። በአገራችን መዋቢያን የመቆጣጠር ሥልጣን የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሥራው ከፋርማሲ አልፎ የገበያ መደብ ድረስ መውረድ አለበት።

ሜላኒን በጣም ያነሳቸው ወይም ጭራሽ የሌላቸው ወገኖችም አሉ። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከ5000 እስከ 15000 ሰው ውስጥ አንዱ ከአልቢኒዝም ጋር እንደሚወለድ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በደጋ ለሚኖር እንዲህ ላለ ልጅ እያንዳንዱ እረፍት ሰዓት፣ እያንዳንዱ የሰልፍ ጠዋት ቆዳው ላይ ይመዘገባል፤ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ካንሰር የሚወጣባቸው አሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ሰፊ ክልል የሚሸፍን የፀሐይ መከላከያን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በዋናነት ለእነሱ ነው። ለእነሱ ቅባቱ ጌጥ አይደለም፤ እንደ ኢንሱሊን የሚቆጠር ነው። የቤት ቅጠል ቅባት እንደ መከላከያ ቢሰጣቸው ግን ተጠብቀናል ብለው ፀሐይ ላይ ይቆያሉ፤ ከምንም ነገር የከፋው ይህ ነው።

ከኢትዮጵያ ሩቅ ያልሆነ ምሳሌ አለ። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ፣ በቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል ውስጥ ኪሊሰን የተባለ የፀሐይ መከላከያ በአገሬው ባለሙያዎች እጅ ይሠራል። ሥራውን ያስጀመረችው ማፋልዳ ሶቶ የተባለች ስፔናዊት የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ቅባቱ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ይታደላል፤ አጠቃቀሙንም አብረው ይማራሉ። አዲስ አበባ ላይ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ዕውቀት አለው፤ እዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ፤ ወንዶ ገነት መዓዛማና መድኃኒታዊ ዕፅዋትን የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የሞሺን የመሰለ ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው እጅና እውቀት በአገር ውስጥ ይገኛል። ሊጀመርም ይገባል።

የአገር ቅጠል በዚያ ቅባት ውስጥ ቦታ ቢያገኝ ደግሞ እንዶድን ማስታወስ ያሻል። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የብልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል ተክል መሆኑን ደረሱበት። ያ ግኝት የመርዛማነት ፈተናዎችን አሟልቶ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት እስኪያገኝ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። መዘግየቱ ያስቆጫል፤ ፈተናው ግን አስፈላጊ ነበር። የዛሬው ተመራማሪ ከአንዲት የእንጭኒ እናት ስለ ቅጠል ጠይቆ የሚያገኘው እውቀት ደግሞ ባለቤት አለው። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ከጥቅሙ እንዲካፈል ይደነግጋል።

እስከዚያው በእጅ ያለውን መጠቀም ነው። ጃንጥላ ከብዙ ቅባት ይሻላል፤ ጥቁር ጃንጥላ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን ጨረር እንደሚያስቀር ተለክቷል። ስስ ነጭ ጥጥ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ አንድ እጥፍ ነጠላ ከሚጣል ደረብ ተደርጎ ቢከናነቡት ልዩነት አለው። የገበያ ሴቶች ይህን በልምድ ያውቁታል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ጃንጥላቸውን ከሽንኩርቱ ወደ ራሳቸው ያዘነብላሉ፤ እኩለ ቀን ላይ መደባቸውን ትተው ወደ ግድግዳ ጥግ ይሰበሰባሉ። የቆዳ ሐኪሞች ለሕፃናት የሚያስተምሩት አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጥላን በጫማ እየለኩ ሰዓት ሲያውቁ በኖሩበት አገር ይህ ለማንም እንግዳ አይደለም።

ምች የመታው ልጅ በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል። ባይሻለው፣ ትኩሳቱ ቢጸና ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ከንፈሩ ላይ ያለው ሽፍታ ይደርቃል፣ ቅርፊት ይሠራል። ከብቶቹ ግን አይጠብቁም፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሜዳ ይወጣል። እናቱ ከግድግዳው ሚስማር ላይ የአባቱን ባርኔጣ አውርዳ ራሱ ላይ ትጭንለታለች። ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ፣ ክፈፉ ሰፊ፣ ለልጁ ራስ የተረፈ ነው፤ ጆሮው ላይ ወርዶ ይቆማል። ሲሮጥ እንዳይወድቅበት በአንድ እጁ ይዞት፣ በሌላው በትሩን እየጎተተ ጥጆቹን ይከተላል።